ከሶር የተቀዳ ውሃ

አባቴ ውሃ አይደፋም ነበር። ጠጥቶ ብርጭቆው ውስጥ የቀረችውን ጉንጭ እንኳ መልሶ ጀሪካኑ ውስጥ ይጨምራታል። እጅ የታጠብንበት በሳፋ ተጠራቅሞ ለጎመኑ ይሄዳል፤ እህል የታጠበበት ለላሟ ይሰጣል። ደረቅ አገር ብንኖር ባልገረመ። እኛ ግን የምንኖረው ከሁሩሙ ወጣ ብላ ባለች የሰፈራ መንደር ነው፤ ዝናብ አንዴ ከመጣ ልሂድ ማለት በማያውቅበት በኢሉባቦር። ጓሯችን እግር ያሰምጣል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ተሰጥቶ አይደርቅም፤ እሱ ደጅ ያስቀመጠውን በርሜል ከድኖ ይጠብቃል። ጎረቤቶች "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔ አልስቅም፤ እናደዳለሁ። ተማሪ ሳለሁ ፊቴን የታጠብኩበትን ከቤቱ ጀርባ ሄጄ እደፋው ነበር። ሲይዘኝ አይመታኝም፣ አይቆጣኝም፤ የራሰውን መሬት ቆሞ ያያል። ያ ከዱላ ይብስብኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዳችኝ እናቴ ናት፤ ከመሞቷ በፊት። ከወሎ የመጡት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ከመምጣታቸው በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ የእኔና የወንድሜ ታላቅ፣ እኛ ያላየናት። ልጅቱ ታመመችና ውሃ አለች። ምንጩ ደርቆ ከድንጋይ ሥር ጠብ ጠብ የምትል ነገር ብቻ ቀርታ ነበርና አባቴ ቅል ይዞ ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ወረፋ ያዘ። ይዞ ሲመለስ አልቆየችውም። ያመጣውን ውሃ ማንም አልጠጣውም፤ እሷን አጠቡበት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አልደፋሁም፤ መናደዱ ግን አልተወኝም። ሰው ስንት ዓመት አንድ ነገር ይዞ ይኖራል እል ነበር።

ተምሬ መቱ ቢሮ ተቀጠርኩ፤ ወንድሜ ኡካ ገብቶ አገባ፤ አባቴ ከበርሜሉ ጋር ብቻውን ቀረ። ሲታመም መቱ አምጥቼ አሳከምኩት። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ፣ "ይውሰዷቸው፤ ያማራቸውን ያብሏቸው" አለኝ። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቤቴ ወስጄ ምን እንዳማረው ጠየቅኩት። ማር ወይም ጥብስ ይላል ብዬ ነበር።

"ወሎ ውሰጂኝ" አለኝ። "መቃብሯን አይቼ ልሙት።"

መናኸሪያ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን በጦርነቱ የተነሳ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ተዘጋ ይባላል። ትኬት ቆራጩ ቀና ሳይል፣ "እትዬ፣ እኛም እንደ እርስዎ የምንሰማውን ነው የምናውቀው" አለኝ። ጤነኛ ሰው የማይደፍረውን መንገድ በሽተኛ ይዤ እንዴት ልውጣ?

እምቢ ብዬ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው መሰለኝ ሶርን ያነሳሁት። የሶር ፏፏቴ ከመቱ ብዙም አይርቅም። ከቢሮ ሰዎች ጋር ለሽርሽር ሄጄ ፀጉሬ ርሶ እየሳቅኩ የተነሳሁት ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ያን ያህል ዘመን እዚሁ ኖሮ አላየውም።

"ውሃ ለማየት ብሎ መንገድ የሚወጣ ሰው አለ?" አለኝ።

"አለ እንጂ። ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣሉ።"

"ሊቀዱ?"

"ሊያዩ።"

ፈገግ አለ፤ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ቆይቶም "እሺ" አለ። ደስ አለኝ። ያን የሚያህል ውሃ ሲያይ ልቡ ያርፋል፣ ወሎን ወሎን ማለቱን ይተዋል ብዬ አሰብኩ። የቢሮ ሰው ሐሳብ ነው፤ ሐዘንን ሽርሽር የሚያወጣው ይመስለናል።

የምንሄድ ዕለት ጠዋት ያችን ከመንደር ይዟት የመጣውን፣ እጀታዋን በጠፍር የጠቀለላትን ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።

"አባዬ፣ ሰው ምን ይለናል?"

"ውሃ ወዳለበት ባዶ እጅ አይኬድም" አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ጀሪካኗን እግሬ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ።

ፏፏቴው አቅራቢያ ካለችው በቾ ደርሰን አንድ ሰው አገኘን፤ ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል፣ እንግዳም መንገድ የሚመራ። አባቴን አየት አድርጎ ምንም ሳይጠይቅ በቅሎ አመጣለት። ጉሬዛዎቹ ከላያችን ቅርንጫፍ እያርገፈገፉ በጫካው ውስጥ ሄድን። በቅሎዋ የማትወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሰውየው በአንድ በኩል እኔ በሌላው ደገፍነው።

"ሱታ አባ፣ ሱታ፤ ቀስ ይበሉ" ይለዋል ሰውየው። "ውሃው አይሸሸንም።"

ድምፁ ከሩቅ መሰማት ሲጀምር ሰውየው ቆም ብሎ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጨ፤ ለራሱም ያዘ፣ ለአባቴም ሰጠው። ወገኖቹ ትልቅ ውሃ ፊት ሲቀርቡ እንዲህ ያደርጋሉ። አባቴ ወሎዬ ክርስቲያን ነው፤ ቢሆንም ሣሩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ውሃው ከገደሉ አፍ ተነስቶ ጥቅጥቅ ባለው አረንጓዴ መሃል ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ርጭቱ እኛ ያለንበት ድረስ መጥቶ ፊታችንን አራሰው። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጋቢውን ሰብስቦ አየው። እኔ ፏፏቴውን ትቼ ፊቱን ነበር የማየው፤ የሆነ ነገር ሲለሰልስ ለማየት።

"ይሄ ያኔም ይወርድ ነበር?" ሲል ሰውየውን ጠየቀው።

"ያኔ መቼ፣ አባ?"

"እኛ ሳንመጣ። በድርቁ ጊዜ።"

"የአያቴ አያትም ያውቀዋል። በጋም ቢሆን ይቀንሳል እንጂ አይቆምም።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "እሷ ውሃ ስትል ይሄ እዚህ ዝም ብሎ ይወርድ ነበራ" አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ያኔ ውሃ ከምድር ጠፍቶ ነበር ብሎ፣ የኢሉባቦርን ዝናብ በኋላ የመጣ ምሕረት አድርጎ የኖረ ይመስለኛል። ያቺን መጽናኛውን በገዛ እጄ ወሰድኩበት። ባላመጣሁት ብዬ ተመኘሁ።

ጀሪካኗን አንስቶ ለሰውየው ሰጠው። "ቅዳልኝ።"

"ከዳር ልቅዳልዎት፤ ያው ነው።"

"ከሚወርደው።"

ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ። እንደ በሰበሰ ውሻ ሆኖ ተመለሰ፤ ጀሪካኗ ግን ሞልታለች። በእጁ ይዞት የነበረውን ሣር እጀታዋ ላይ አሰረለት። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"መንገዱ ሲከፈት አንቺ ታደርሺላታለሽ። ቦታውን አሳይሻለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወይራው ሥር ነው። እላዩ ላይ አፍስሺው። ሁሉንም አፍስሺው፣ አትሳሺ።"

አፍስሺ ሲል ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አደርሳለሁ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ውሰጂኝ አለና ወደ መንደር መለስኩት፤ ላስታምመው ፈቃድ ወስጄ አብሬው ሰነበትኩ። ጀሪካኗን በሩ ጀርባ አስቀመጥናት። እኔ መቱ በወረድኩ ቁጥር ወደ መናኸሪያ ጎራ እላለሁ፤ ትኬት ቆራጩ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያወዛውዛል። አባቴ ተኝቶ በሩን በሩን ያያል። "ተከፈተ?" ይለኛል፤ "ሊከፈት ነው" እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል ክረምት ገባ፤ በክረምቱ መሃል ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ዝናቡ አላባራም። እድርተኞች ማለዳ መቃብሩን ሊቆፍሩ ሄዱ። ወንድሜ ከኡካ ጭቃውን በእግሩ አቋርጦ ደረሰና እናንተ ቤት ተቀመጡ ብሎን ከቆፋሪዎቹ ጋር ተቀላቀለ። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ከአስከሬኑ ጎን ነበርኩ። ወንድሜን አንድ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ምን ሊወስድ እንደመጣ ግን ልብ አላልኩም።

አስከሬኑን ይዘን ስንደርስ ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። መቃብሩ እንደ ምንጭ ያመነጫል። በሆነ ቢጫ ነገር እየጨለፈ ወደ ውጭ ይደፋል። እጀታው በጠፍር የተጠቀለለ ነው፤ ሥሩ በቢላ ተቆርጧል፤ እጀታው ላይ የደረቀ ሣር ተንጠልጥሏል።

"ውሃ አልነበረበትም?" አልኩት።

"ሞልቶ ነበር፤ ደጅ ደፋሁት" አለኝ ቀና ብሎ። "ሌላ መጨለፊያ አጣን። ምነው?"

"ምንም" አልኩት። ምን ልበለው? ለአባቱ መቃብር ነው የሚለፋው፤ የሶርን ነገርም አልሰማም።

ጨለፈ፣ ጨለፈ። የደፋውን ያህል ከሥር ይመጣል። በመጨረሻ ቄሱ ሰማዩን አይተው "ይበቃል ልጄ" አሉት። ቅጠል አንጥፈው አባቴን አወረዱት። ሲያርፍ የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ አፈሩን ቶሎ ቶሎ መለሱበት።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ። ሌላ ቅጂና ሂጂ፣ ሶር እንደሆነ አልደረቀ የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን አዲስ ጀሪካን ገዝቼ እስከ በቾ ሄጄ ነበር፤ ወርጄ መቅዳት አቃተኝ፣ ባዶዋን ይዤ ተመለስኩ። ወሎ ያለ አንድ ዘመዳችንን በስልክ አግኝቼ ስለ ወይራው ጠይቄዋለሁ። ከተቆረጠ ቆየ፣ ቦታው አይለይም አለኝ። ፎቶዬን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ልጅቱም ውሃ እንዳለች ቀረች።