አትንካና የእህቱ ሳንቲም

ደረጃው ሥር ሁለት ሱቅ አለ። አንዱ የኔ ነው፤ ጫማ እሰፋለሁ። ሌላው የአትንካ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ጎረቤቶቹ ነን፤ ሱቁ የገባውን ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት «አትንካ!» ስለሚል። ሲያገባ እንኳ ሙሽራይቱ ቀለበቱን ልታጠልቅለት ስትል «በጠርዙ ያዢው፣ በጠርዙ!» አላት ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ። ትዳሩም ብዙ አልከረመም።

ሥራው አሮጌ ሳንቲም ማየት ነው። መሸጥ አላልኩም፤ ማየት። ድሮ ሳንቲም በብረት ማኅተም ሲመታ፣ ለገበያ ከሚወጣው ሌላ ለሰብሳቢዎች ተብሎ በጥንቃቄ የሚመታ ነበር አሉ። የዚህኛው መደቡ፣ በምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ፣ እንደ መስታወት ይወለወላል፣ ላዩ ላይ ያለው ሰውዬ ፊቱ ግን አመዳይ እንደወረደበት ነጭ ይሆናል። ታዲያ እንዲህ አምረው የሚወጡት መምቻው ብረት ገና አዲስ ሳለ የተመቱት ናቸው። ብረቱ ሲደክም አመዳዩ ይጠፋና ሁሉም እኩል ብልጭልጭ ይላል። ለሳንቲም ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ በፖስታ ነው የሚላክላቸው። መደቡ ጥቁር፣ ፊቱ ነጭ፣ ያውም በሁለቱም ገጽ ከሆነ «ካሜኦ» ብለው ጽፈውበት፣ በፕላስቲክ አሽገው ይመልሱታል። ያቺ ቃል ከተጻፈች ሳንቲሙ ሌላ ሳንቲም ነው። ካልተጻፈች ወጪው ለፖስታ ቤቱ ምጽዋት ነው። ስለዚህ ሰው ከመላኩ በፊት አትንካ ጋ ይመጣል።

ሲያይ ማየት ደስ ይል ነበር። ጥቁር ጨርቁን ያነጥፋል፣ መብራቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ ወዲህ ወዲያ ያጋድለዋል። ትንፋሹን ሳይቀር ይይዛል። ከዚያ ወይ «ይላካል» ነው፣ ወይ «ለልጅ ስጠው» ነው። ሌላ ቃል የለውም። ሰውም ተከራክሮት አያውቅም።

ኋላ ኋላ «ለልጅ ስጠው» በዛ። «የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ባለሀብት ልታደርገው ነው» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀልኝም።

«ጉም አለባቸው» አለኝ። «ሁሉም ጉም ለብሰዋል። ድሮ የታሸጉበት ላስቲክ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው።»

እውነትም አሮጌ ላስቲክ ጉም ይተዋል፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። ብቻ አምፖሉን ባየሁት ቁጥር በሚበልጥ አምፖል ይቀይረዋል። ሱቁ ቀዶ ጥገና ክፍል መሰለ። ሻይ ሲቀዳም ከብርጭቆው ውጪ ያፈሳል፤ «እጄ ነው» ይላል። እኔም እጁ ነው ብዬ አመንኩ።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ መጡ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ደግሞ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አከራያቸው ክፍሏን ሊሸጣት ነው፤ ለእሳቸው ቅድሚያ ሰጥቷል። ያጠራቀሙት አለ፤ የጎደለውን ካላገኙ ግን ልጃቸው ቤት መግባት ነው። ልጃቸው ቤት ደግሞ ምራት አለች። ባላቸው የተወላቸውን ከብር የተሠራ ሳንቲም ከነሣጥኑ ይዘው የመጡት ለዚህ ነው።

«እትዬ፣ ተቀመጪ። አትንኪ!»

«ምኑን ነው የማልነካው? ወንበሩን?»

«ሳንቲሙን።»

«ታዲያ እስካሁን ማን ያመጣልህ መሰለህ? በእግሩ መጣ?»

ሣጥኑ ሲከፈት እኔም አንገቴን አስገባሁ። መደቡ የቀለም ጠርሙስ ውስጥ እንደማየት ነው፣ ጥቁር። ፊቱ ስኳር የነሰነሱበት ይመስላል። ለእኔ ያምራል። ለእኔ ግን በደንብ የተወለወለ ጫማም ያምራል፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አትንካ አጋደለው። መልሶ አጋደለው።

«ጉም አለበት» አለ።

«የምን ጉም?»

«መደቡ ግራጫ ሆኗል። ከጉሙ ሥር ግን ካሜኦ ሳይኖር አይቀርም። እንዲሁ ከላክነው ቃሏን ይነፍጉናል። ላጥበው።»

«ታውቅ የለ፤ እጠበው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሌላ ጥያቄ የለም። አትንካ ካለ አለ ነው።

የብር ማጠቢያ ፈሳሽ አለ። ሕጉን እኔ ጫማ ሰፊው እንኳ አውቀዋለሁ፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ሲሰብክ ሰምቼ። ሳንቲሙን ለጥቅሻ ያህል ነከር አድርጎ ማውጣትና በውሃ ማለቅለቅ። «ይሄ ፈሳሽ ጉሙን በልቶ አይጠግብም» ይል ነበር፤ «ቀጥሎ አመዳዩን ነው የሚበላው።» ነከረ። አየው። ጉሙ አለ። ደግሞ ነከረ። አሁንም አለ። እኔ ተረከዝ እየመታሁ በግድግዳው በኩል «ግትር! ግትር ነገር!» ሲል እሰማዋለሁ። ሰው የሚሳደብ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ እህቱ ሲመጡ ሳንቲሙን ከነሣጥኑ አቀበላቸው።

«አልለቅ አለኝ፣ እትዬ።»

እሳቸው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ፊቱ ነጭ አልነበረም እንዴ?»

«ነጭ ነው እኮ።»

«አሁን ሁለመናው ያብለጨልጫል። ልክ እንደ ማንኪያ።»

አትንካ ወደኔ ዞረ። በጉርብትናችን ዘመን ሳንቲም እይልኝ ብሎኝ አያውቅም። «እስቲ እየው» አለኝ። አየሁት። ጥቁሩና ነጩ አንድ ሆነዋል፤ ሰውዬው በመደቡ ውስጥ ሟሟ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

«ማንኪያ ነው» አልኩት።

እህቱ ሣጥኑን አስቀምጠው አገጩን ያዙና ወደዚያ ትልቅ አምፖል አዞሩት።

«ወደኔ እይ።»

«እትዬ፣ ኧረ ሰው ፊት...»

«ዝም በል። እይ።»

የዓይኑ ብሌን ላይ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። በሁለቱም።

«ጉሙ እዚህ ነው ያለው፣ የኔ ልጅ» አሉት። ቢጮኹበት ይሻል ነበር።

አትንካ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ስንቱን ይሆን ለልጅ ስጡ ያልኩት?» አለ።

«ልጆቹ አልከፋቸውም» አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

ሐኪም ቤት የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተባለ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል እህቱ ለክፍሏ ያጠራቀሙትን አወጡ። አትንካ እምቢ አለ፣ ለመነ፣ ተቆጣ።

«እናታችን ስታስረክበኝ ሁለት ዓይን ነበረህ» አሉት። «ስሄድ ጎደሎ አላስረክባትም።»

ፋሻው የተፈታ ቀን ቀጥታ ሱቁ መጣ። ሳንቲሙን መብራቱ ሥር አጋደለው፣ ገለበጠው፣ አጋደለው።

«እህ?» አልኩት።

«ምንም ጉም የለበትም» አለ። ሣጥኑን ዘጋው።

በወሩ መጨረሻ የእህቱን አልጋ ተሸክመን ልጃቸው ቤት ወሰድን። ምራቲቱ ቦታውን አሳየችን፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ በግድግዳውና በኩሽናው በር መሀል። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቦታ ነው የሌላት። እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ሞከሩት። ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል።

አትንካ በአዲሱ ዓይኑ ግድግዳውን ያያል። ከሥር የወጣውን እርጥበት፣ የልጆች እስክሪብቶ፣ ቀለም የተላጠበትን። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደሙት።

«ዛሬ ምንም አታይልኝ» አሉት። «ይልቅ አልጋዬን የምከልልበትን መጋረጃ ያዝልኝ።»

እሱ በአንድ ጫፍ ይዞ ቆመ። እኔ ምስማሩን መታሁ።