በባሕረኛ ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኳቸው ሰባት ክሶች

እኔ በላቸው የተማርኩት ከማንም አይደለም። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከጭነት መኪና ሞተር፣ ቅጠሉ ከተገነጣጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትና ከራሴ ጭንቅላት ነው ያገኘሁት። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ከታች ካለው ጋራዥ የሚመጣውን የሞተር ድምፅ እሰማና የቱ ጋ እንደታመመ እናገራለሁ። ሲፈቱት እኔ ያልኩት ሆኖ ይገኛል። የሕንፃችን የውኃ ፓምፕ ሲቆም ከባለሙያው በፊት የሚጠራው እኔ ነኝ። ይመካል የሚለኝ ካለ ይበል፤ ሠርቼ ነው የምመካው።

ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ ባለፈው ሳምንት የተፈጸመው የታደለ ቀብር ነው። ታደለ በወጣትነቴ የምነዳው መኪና ባለቤት ነበር። የሄድኩት መቅረት ነውር ስለሆነ እንጂ ለእሱ የማፈስሰው እንባ ኖሮኝ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የበኩር ልጁ ወረቀት ዘርግቶ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ተወለዱ፣ ለፉ፣ ንብረት አፈሩ ካለ በኋላ፣ «በርካታ ወጣቶችን ለቁም ነገር ያበቁ ሲሆን፣ አንዱንም በራሳቸው ደብዳቤ መርከበኛ አድርገዋል» አለ። አጠገቤ የቆመች ጎረቤቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«ጋሼ በላቸው፣ አንቱን እኮ ነው» አለችኝ፣ ደስ እንዲለኝ።

ከአቃቂ በሰቃ ተነሥቶ መርከበኛ የሆነ ከእኔ ሌላ ሰው አላውቅም። ድንኳኑ ሳልገባ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሟች ነውና ተወው ያሉኝ አሉ። ውሸቱን ያነበበው ግን በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የሰሙትም በሕይወት ያሉ ናቸው።

ነገሩ የሆነው አዲሱ መንግሥት በገባ ጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ የአሰብ መንገድ ገና ሳይዘጋብን ነው። አባቴ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ የሞተ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቴ ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ ወጥታ በሐዲዱ አጠገብ ባለችው ቤታችን ትኖር ነበር። እኔ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ካወጡት የሰፈራችን ልጆች የመጀመሪያው ነኝ፤ ያኔ አምስተኛ ማለት ተሳቢ ያለው መኪና የሚያስነዳ፣ ሲጠሩት እንኳ አፍ የሚሞላ ነገር ነው። የታደለን አሮጌ ፊያት ከቃሊቲ አሰብ አመላልሰው ነበር።

ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ከሆነ ከአቃቂ የምትወጣው በጭቃ ታጅበህ ነው፤ ሞጆ ስትደርስ የሽንኩርት ሽታ ይቀበልሃል፣ መተሐራ ላይ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ይተነፍስብሃል። ሚሌ የፍየል ጥብስ በልተን፣ መኪናው ሥር ሰሌን አንጥፈን እንተኛለን። አሰብ ስንደርስ እንደ ጃንጥላ በሰፋ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚመጣ ትኩስ ዓሣ አለ። ሌሎቹ ሹፌሮች ጭነት እስኪደርሳቸው ጫት ላይ ሲቀመጡ እኔ ወደቡ ላይ እዞር ነበር። አንድ ቀን የመርከብ ሞተር ክፍል ሠራተኛ ለምኜ አስገባኝ። ፒስተኑ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የፊያቱን ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ፣ ስንት ጊዜ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው እዚያ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የብስ ላይ ያለ ሞተር ሁሉ መጫወቻ መሰለኝ።

አሁን ወደ ታደለ። ታደለ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። ሁለት መኪና ነበረው፣ የሰፈራችን ዕድር ዳኛም እሱ ነበር። መንጃ ፈቃዱ ግን ሦስተኛ ነው፤ ተሳቢ መንዳት አይችልም። አይችልም ማለቴ በሕግ ብቻ አይደለም፣ በእጅም አይችልም። ነገር ግን አብሮኝ በተጓዘ ቁጥር ሜዳው ላይ ሲደርስ «እስቲ ልቀቅልኝ» ይላል። የመኪናው ጌታ ነው፤ እለቃለሁ። ትራፊክ ካስቆመን እሱ ወረቀቶቹን ይዞ ቀድሞ ይወርድና፣ «ሾፌሩ እሱ ነው» ብሎ ወደ እኔ ያሳያል። እኔ አምስተኛዬን አውጥቼ እሰጣለሁ፣ ክሱ በእኔ ስም ይጻፋል። ቅጣቱን እሱ ይከፍላል፣ ስሙን እኔ እሸከማለሁ። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አልነበረም፤ በቃሊቲ የመኪና ማቆሚያ ባለንብረቱ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር፣ ሹፌሩም እንደ ሥራው አካል ይቆጥረው ነበር። ክስ ማለት ለእኛ እንደ ጎማ መተንፈስ ነው፤ ይደርሳል፣ ይታለፋል።

በዚህ መንገድ ሰባት ክስ ተጻፈብኝ። ሦስቱ የራሴ ናቸው፤ ክልክል ቦታ ማቆም፣ የተቃጠለ የኋላ መብራትና ሸራ ያልለበሰ ጭነት። አራቱ የታደለ ናቸው። ከአራቱ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንዱ ነው። አቃቂ መግቢያ ላይ ባቡር እየመጣ ሳይቆም ሐዲዱን ተሻገረ። የሐዲድ ሠራተኛ ልጅ፣ በአባቴ ሰፈር፣ ሐዲድ ላይ ሳይቆም አለፈ ተብሎ ተጻፈብኝ።

የባሕረኛ ፈቃድ ለማውጣት ምዝገባ መኖሩን ከተማ ውስጥ ተለጥፎ ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። ለሞተር ክፍል በልምድ የመጣ ሰውም ይቀበሉ ነበር፤ ልምዱን ግን አሠሪው በደብዳቤ መመስከር አለበት። ቅጹን ይዤ ታደለ ቤት ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ቀይ ወጥ ፊቱ ላይ ቀርቦለታል፤ ብላ አላለኝም። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አንብቦ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጥያቄው፣ ከዚህ በፊት በማንኛውም ጥፋት የተቀጡ ከሆነ ቀላል የትራፊክ ጥፋትም ቢሆን ይግለጹ፣ የሚል ነው። የደበቀ ሰው ማመልከቻው እንደሚሰረዝም ከሥሩ ተጽፏል።

«እዚህ ጋ ምን ልትጽፍ ነው?» አለኝ።

«የሆነውን ነዋ፣ ጋሽ ታደለ።»

ሳቀ። «አንተ ቂል፤ ክሱን ጽፎ ሥራ የሚጠይቅ ሹፌር የት አይተሃል? ባዶውን ተወው። ጥፋት አልሠራሁም በል።»

«አራቱ የእርስዎ ናቸው፤ እርስዎ ያውቃሉ።»

«የእኔ የሚባል የለም። የማን ስም ነው ያለበት? አንብብልኛ፣ እንግሊዝኛ ሁሉ ታነባለህ ይሉሃል።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ደብዳቤውን እጽፍልሃለሁ፤ ባዶውን ከተውከው» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረገው፤ እኔም አላረምኩትም። የሚያውቅ ሰው የሚናገርበትን ቦታ ይመርጣል። ደብዳቤውን ጽፎ ማኅተሙን መታልኝ። የሕይወት ታሪኩ ላይ የተነበበው ደብዳቤ ይህ ነው።

ቤት ገብቼ ሰባቱንም ጻፍኩ። ሦስቱ የእኔ ናቸው ብዬ ጀመርኩ። በአራቱ ሥር፣ «ይነዳ የነበረው የመኪናው ባለቤት ነው፤ ክሱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጨመርኩ። ያን ያደረግኩት ቅዱስ ስለሆንኩ አይደለም። መንዳት የማያውቅ ሰው ስህተት በእኔ እጅ የተሠራ መስሎ ባሕር ድረስ እንዲከተለኝ ስላልፈለግኩ ነው። እናቴ ክር እያጠነጠነች ታየኝ ነበር።

«የሰው ስም አነሣህ?» አለችኝ።

«ስም አልጻፍኩም። የመኪናው ባለቤት ነው ያልኩት።»

«ያው ነው። ዕድራችንን የያዘው እሱ ነው ልጄ። እኔ ከዚህ ወዲያ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱም በእነሱ እጅ ነው።»

መለስ ብዬ ቅጹን አየሁት። ወይ ባሕሩን ወይ የእናቴን ዕድር እንደማጣ ያኔ ነው የገባኝ። ቢሆንም አንድ ቃል አልሰረዝኩም።

ማመልከቻዬ ታይቶ ለፈተና ተጠራሁ። ለታደለ መኪናውን እንደማስረክብ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ማመልከቻው ያልፋል ብሎ አልጠበቀም ነበር። አሰብን እንደ እኔ የሚያውቅ ሹፌር፣ ይልቁንም ክሱን የሚሸከምለት ሹፌር፣ ከየት ያመጣል? የመኪናውን ቁልፍ ከእጄ ተቀብሎ ቤቱ ገባ። የፈተናው ዕለት ግን ፈታኙ መርማሪ ፊት ስቀርብ ታደለ ኮቱን ለብሶ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘሁት።

መርማሪው ቀይ ባሕር ላይ ያረጀ፣ ፀጉሩ የነጣ ሰው ነበር፤ ሁሉም ካፒቴን ነው የሚለው። እንድቀመጥም አላለኝ።

«እኚህ ሰው አሠሪህ ናቸው። ሰባት የትራፊክ ክስ ደብቀህ ያመለከትክ አታላይ ነህ ይላሉ። ምን ትላለህ?»

«ማመልከቻዬን ያንብቡላቸው» አልኩ።

ካፒቴኑ መነጽሩን አድርጎ ድምፁን ሳያሳንስ አነበበ። ክልክል ቦታ ማቆም። የኋላ መብራት። ሸራ። አራተኛው ላይ ሲደርስ የሐዲዱን ነገር፣ ይነዳ የነበረው ማን እንደነበረም አነበበ። ታደለ የኮቱን ቁልፍ ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈ። ካፒቴኑ ሰባተኛውን ጨርሶ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰባት ብለው ነበር፤ ሰባት ነው። የተደበቀ የለም። መንጃ ፈቃድዎ ስንተኛ ነው?»

ታደለ ተነሥቶ ወጣ።

እኔ ፈገግ ማለት ጀምሬ ነበር። ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ አትሣቅ። የኋላ መብራት ማንንም ከባሕር አያስቀርም። ፈቃድህን ለሌላ ሰው ጥፋት እያወጣህ መስጠትህ ግን ሌላ ነገር ነው። መርከብ ላይ የሌላ ሰው ፈረቃ በስምህ ተጽፎ ባገኝ በደረስንበት ወደብ አወርድሃለሁ። ሞተረኛ ሆነህ አትገባም፤ ዘይት ጠራጊ ሆነህ ትገባለህ። ፈቃደኛ ነህ?»

እኔ፣ ሞተር በጆሮዬ የማክመው ሰው፣ ጨርቅ ይዤ ዘይት ልጠርግ ነው። «ፈቃደኛ ነኝ» አልኩ።

ደረጃው ላይ ታደለ ጠበቀኝ። ጮኾ አልተናገረም።

«ባሕር ላይ ዕድር የለም» አለኝ። «እናትህ ግን እዚህ ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ካሁን በኋላ በደጃችን እንዳላይህ» አልኩት። አንተ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ቃል አልተለዋወጥንም።

የሚቀጥለው እሑድ ዕድሩ ተሰብስቦ የእናቴን ስም ፋቀው። ምክንያቱ ልጇ ማኅበርተኛ ከስሷል የሚል ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ ቀድሞ የከሰሰው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። እነዚያው ሰዎች በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ጠቋሚ ይሉኝ ነበር፤ ጎረቤት እሳት ሊጭር ወደ እኛ ቤት መምጣት አቆመ። ያሉኝን ቃል ሁሉ፣ የተናገሩትንም ሰዎች አልረሳሁም። ባለፈው ሳምንት በታደለ ቀብር ላይ ከፊት የቆሙት እነሱ ናቸው።

ልሄድ ሻንጣዬን ስቋጥር እናቴ ሸሚዜን እያጠፈች፣ «ልክ ነህ ልጄ» አለችኝ። «ግን ልክነትህ ማንን ያመጣልኛል?» በማግሥቱ ተነሥቼ ጅቡቲ ላይ የቆመ መርከብ ገባሁ።

አሁን የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ አንብበው የጨረሱት የታደለ ልጆች ይህንንም ካነበቡት ደስ ይለኛል። አባታቸው እኔን መርከበኛ አላደረገኝም። መርከበኛ ያደረገኝ እሱ ባዶ ይሁን ያለውን መስመር መሙላቴ ነው፤ የጎዳኝም ያው መሙላቴ ነው። ሁለቱንም አልክድም። ታደለ ምን እንዳደረገ ተነቧል፤ እኔ ያደረግኩትን ደግሞ ሰው እስኪያነብልኝ አልጠብቅም።

ከዘይት ጠራጊነት ተነሥቼ ሞተረኛ፣ ከሞተረኛ የፈረቃ አለቃ ሆኛለሁ።

በማዕበል መካከል የቆመ ጄኔሬተር በእጅ ባትሪ ብርሃን ፈትቼ አስነሥቻለሁ።

ከቦምቤይ እስከ ሮተርዳም ወደብ ረግጫለሁ፤ በየደረስኩበት በራሴ እንግሊዝኛ ነው የተነጋገርኩት።

የሌላ ሰው ፈረቃ በስሜ ተጽፎ አያውቅም፤ የእኔም በሌላ ሰው ስም።

ሦስት ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ሁለቱ መሐንዲሶች ናቸው።

እናቴንም ቀብሬያለሁ። ዕድር ድንኳን ከለከለኝ፤ የመርከብ ሸራ ወጥሬ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ደጁን ዘግቶ ሲቀር ለዕረፍት አብረውኝ የመጡ አራት የመርከብ ባልደረቦቼ ሳጥኑን ይዘው ተነሡ። ከሐዲዱ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄድን፤ ታደለ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያየ በፊቱ አለፍን። እነሱ እየተፈራረቁ ተሸከሙ። እኔ የፊቱን ቀኝ ያዝኩ፤ እስክናደርሳት ድረስ ለማንም አልለቀቅኩም።