አሻራ ያልተገኘባቸው የማርሊስ ጣቶች

ማርሊስ ሆካንሰን በአሥሩ ጣቶቿ ላይ አሻራ ማብቀል ነበረባት። ቡልጋሪያ ውስጥ ዝላቲና የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለች፤ ማርሊስና ባሏ ዌንደል በጉዲፈቻ ሊያሳድጓት ተመርጠዋል። የቀራቸው የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ያለ አሻራ አይገኝም። ማርሊስ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ወለል ላይ ሴራሚክ ስታነጥፍ የኖረች የዱሉዝ ከተማ ሴት ናት።

አሻራ እንዴት እንደሚጠፋ ሲያዩት የሚገርም ነገር ነው። ስሚንቶ ውስጥ ያለው ኖራ ቆዳን ቀስ እያለ ይበላል። የሴራሚኩ ጠርዝ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ከሁሉ የባሰው ግን የጎበዝ አንጣፊ ልማድ ነው፦ የወለሉን ልክነት በዓይኑ አያምንም፣ ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል። ማርሊስ የወረቀት ውፍረት ያላትን ጉብታ እንኳ በጣቷ ታገኛለች። በዚያው ልክ ጣቷ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

መጀመሪያ አሻራ መስጫው ቢሮ የሄዱ ዕለት አሻራ የሚያነሳው ሰውዬ እያንዳንዱን ጣት ሦስት ሦስት ጊዜ የመሣሪያው መስተዋት ላይ አንከባለለ። መሣሪያው ምንም አላነበበም። ሰውዬው ግራ ገብቶት በእነዚህ እጆች ምን እንደምትሠራ ጠየቃት።

«የሰው መታጠቢያ ቤት» አለችው።

መኪና ውስጥ ዌንደል ሳቁን መያዝ አቃተው። «ባንክ ብንዘርፍ እኮ አንቺ አትያዢም ነበር፣ ፍቅሬ። ጉድ የምሆነው እኔ ነኝ።»

ለሁለተኛው ቀጠሮ ጉዳያቸውን የያዘችው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መላውን ነገረቻት፦ ሦስት ሳምንት ሥራ የለም፣ ጧትና ማታ ቅባት፣ ከላዩ የጥጥ ጓንት። ቆዳ ከተዉት ራሱን ያድሳል፤ መስመሮቹም ተመልሰው ይወጣሉ። በእርግጥም በሁለተኛው ሳምንት ማርሊስ አውራ ጣቷን ወደ መስኮቱ አቅርባ ስታይ ቀጫጭን መስመሮች ተሠልፈዋል። ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው ዌንደል ከሥራ ሲመለስ ከልጅቷ ክፍል አጠገብ ያለው ትንሹ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ተነጥፎ ቆየው። ሰማያዊና ነጭ፣ አንድም ጉብታ የሌለው። ጓንቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማርሊስ፣ ምን አደረግሽ?»

«በባዶ ስሚንቶ ላይ ትቁም እንዴ ልጅቷ?»

«እንድትቆምበት እኮ መጀመሪያ መምጣት አለባት።»

በቀጠሮው ቀን መሣሪያው በድጋሚ ምንም አላነበበም።

ሕጉ ደግነቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌላ በር አለው። አሻራው ሁለት ጊዜ ያልተነበበ አመልካች ባለፉት አምስት ዓመታት ከኖረበት ከተማ ሁሉ የፖሊስ ደብዳቤ ያመጣል፤ «ይህ ሰው እዚህ ወንጀል አልሠራም» የሚል። ለብዙ ሰው ይህ አንድ ደብዳቤ ነው። ማርሊስና ዌንደል ግን የሆቴል ወለል ሥራ እየተከተሉ፣ ተጎታች ቤታቸውን እየጎተቱ፣ ዘጠኝ ከተማ ኖረዋል። በዚያ ላይ ልጅ ለማሳደግ ብቁ መሆናቸውን የሚመሰክረው የቤታቸው ጥናት በጥቅምት ጊዜው ያልፍበታል። ካለፈ ከሀ ይጀመራል፤ ዝላቲናም ለሌላ ቤተሰብ ልትሰጥ ትችላለች።

ስምንቱ ደብዳቤ መስከረም ሳይጋመስ መጣ። ዘጠነኛው ከተማ ሦስት መቶ ሰው የማይሞላበት ነው፤ ብቸኛው ፖሊስ ጡረታ ሲወጣ የሚተካው አልተገኘም፣ ጣቢያው ተዘጋ። ማርሊስ አውራጃው ዘንድ ደወለች፤ የድሮው መዝገብ በከተማው ጽሕፈት ቤት ካርቶን ውስጥ ነው አሏት። ጽሕፈት ቤቱ የሚከፈተው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።

ጥቅምት ሊገባ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ኦርቪላ በሩን ሳትከፍት ማርሊስ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ወይዘሮ ኦርቪላ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በፖሊሱ ፋንታ ደብዳቤውን የምትፈርመው እሷ ናት፣ ያላየችውን ግን አትፈርምም። ካርቶኑ አሥራ አንድ ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚዘጋው አሥር ሰዓት ላይ። ማርሊስ ላግዝሽ ብላ አንዱን መዝገብ ልትገልጥ እጇን ዘረጋች።

«የራስሽን መዝገብ ራስሽ አታዪም፣ ልጄ። ተሸከሚልኝ ብቻ።»

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወይዘሮ ኦርቪላ መነጽሯን እየጠረገች ስድስተኛውን ካርቶን በየገጹ ታነባለች። ማርሊስ ሰባተኛውን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ እስኪጠራ ድረስ አቅፋው ቆማለች።