ከባሕር ዛፉ ሥር ጥያት የሄድኳት ዘይነባ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ስንት ጊዜ ልነሣ ብዬ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው፤ ግን ልናገር።

ያደግሁት መካነ ሰላም ከተማ ነው። አባቴ በልጅነቴ ሞቶ፣ እናቴ አረቄ እያወጣች አሳደገችኝ። ጾሟን የማትገድፍ፣ ማርያምን የምትወድ ሴት ነበረች። «እስቲ ቅመሺው፣ ጠንክሯል?» ትለኛለች። በመቅመስ ጀመርኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ጠዋት ሳልቀምስ ከወጣሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጊዜው የድርቁ ጊዜ ነው። ከቆላው የተሰደደ ሰው በየአጥሩ ሥር ወድቋል፤ እኛ ቤት ግን ብቅል ይፈጫል። ይሄን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ንጉሡ ወርደው፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ሥራ የፈታን ልጆች ተሰበሰብን፤ የቄስ ልጅ አለ፣ የጸሐፊ ልጅ አለ፣ የእስላም ልጆች አሉ። የየቤታችን ጸሎት ይለያይ እንጂ ጠርሙሱ አንድ ነበር። አምጪዋም እኔ!

የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሁሴን ልጅ ዘይነባ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። አብራን ትቀመጣለች እንጂ ቀምሳ አታውቅም። እኔ ብያዝ ቁጣ ነው፤ እሷ ብትያዝ ግን የአባቷ ስም በከተማው ይወድቃል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ጠርሙሱን ሰጠኋት።

«ሐራም ነው» አለችኝ።

«ማን ያይሻል?» አልኳት።

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ከእኔ አፍ ነው የወጣው! በባዶ ሆዷ ጠጣች። ሳቀች፤ አስመለሳት፤ ከዚያ ተዘረረች። ብጠራት አትሰማም።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ነጠላዬን አልብሻት ወደ ቤቴ ሄድኩ። «ተኝታ ትነሣለች» አልኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ልቤ ግን «ሞታለች፣ ሞታለች» ይለኛል። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ብቻዬን ወደ እሷ መመለስም ፈራሁ። ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጉት ጋሽ ታደሰ፣ «መጤ ሃይማኖት ያዘ» እየተባሉ ሰው የሚሸሻቸው አማኝ ነበሩ።

«ጓደኛዬ ወድቃ አትነቃም» ስላቸው አረቄው ሸተታቸው መሰለኝ፣ «ምን ጠጣች?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ።»

«ልጄ፣ አንቺ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል?»

ያኔ ነገርኳቸው። ሰዎች ጠርተው በቃሬዛ አስመጧት። ሰውነቷ በረዶ ሆኗል። «ትንፋሿ ደክሟል። የምችለውን አደርጋለሁ፤ ነፍሷ ግን በእጄ አይደለችም» አሉ። መርፌ ወጓት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ ተንበርክከው በኢየሱስ ስም ጸለዩ። ተጠርተው የመጡት አባቷ ሐጂ ሁሴን በወዲያ በኩል እጃቸውን ዘርግተው «ያረቢ! ያረቢ!» ይላሉ። እኔ ጸሎት ጠፋብኝ። «አትውሰዳት» ብቻ አልኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘይነባ «ውሃ» አለች። ሃሌ ሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ሐጂ እግር ሥር ወደቅሁ። «ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ጥያትም ሄጄ ነበር» አልኳቸው። ዱላ ጠበቅሁ። «ጥለሻት ሄድሽ፤ ሰውም ጠራሽላት። ሁለቱንም አላህ አይቶታል። ተነሺ» አሉኝ።

መጠጡ በዚያው የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። በሳምንቱ ከእናቴ ሰርቄ ጠጣሁ። አፍሬ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። «ጌታ ያፈረ ሰው አይንቅም» አሉኝ። ያን ቀን ልቤን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ጥማቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና አንድ ጠዋት ጭራሽ ትዝ ሳይለኝ ዋልኩ። ጌታ ይባረክ!

ዘይነባ ዛሬ የልጆች እናት ናት። በሃይማኖቷ ናት፤ ወዳጅነታችንም እንዳለ ነው። እኔም ይኸው በፊታችሁ በሰላም ቆሜአለሁ፤ ምስጋና ለእርሱ!

እናንተ ልጆች፣ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ በዚህ ጌታ ታመኑ፤ የደበቃችሁትን ንገሩት። ጓደኛውን አንድ ቦታ ጥሎ የመጣ ካለ ደግሞ ጉባኤው እስኪያልቅ አይጠብቅ። ተነሥቶ ይሂድ። ጌታ መንገድ ላይም ይሰማል።