የሕፃኗን ልክ ይዛ የሄደች ሴት

ባለፈው ዓመት ጥር ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት የማናውቃት ሴት ወደ ግቢያችን ገብታ አርባ ቀን ያለፋትን ሕፃን በክር ለካች። ከዚያ ክሩን ይዛ ሄደች።

በዘጋቢነት ብዙ ዓመት ስሠራ ከዚህ የከበደ ነገር አይቻለሁ። ይኼኛው ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ የሆነው እኔ በምኖርበት ግቢ ስለሆነና እስኪመሽ ድረስ ማንን ማመን እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ነው። ያየሁትንና ያጣራሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ስሞቹን ቀይሬአለሁ።

ግቢውን የምንጋራው ስመኝ ከምትባል ወጣት እናትና ከእናቷ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ነው። የስመኝ ባል መራዊ ከተማ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሕፃኗ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ እስክትጠመቅ ድረስ እትዬ ጥሩወርቅ እንግዳ ሰው ወደ ልጅቱ ክፍል አያስገቡም። የዚያን ቀን ግን ገበያ ወጥተው ነበር። እኔም ቤት አልነበርኩም።

ስመኝ እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ ደጅ ላይ ቆማ የስመኝን ባል ስም ጠራች። "ሴት ልጅ መውለዳችሁን ሰምቻለሁ፤ ለክርስትናዋ ልብስ ልለካት ነው" አለች። ማን እንደላካት ስትጠየቅ "የቅርብ ሰው ነው" ከማለት ሌላ አልተናገረችም። ሕፃኗን ከመጠቅለያዋ አስፈትታ ጋደም አደረገቻት፤ በአንድ ክር ቁመቷን፣ በሌላው ደረቷን፣ በሦስተኛው ክንዷን ለካች። ክሮቹን እየቋጠረች ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ከተተቻቸው። ቁጭ በይ ብትባል እንኳ አልተቀመጠችም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከገበያ ሲመለሱ እኔም ደርሼ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ የያዙትን ዘንቢል እዚያው ለቀቁት።

"ቁመቷን አስለካሽ?"

"ለልብስ ነው ብላኝ እኮ ነው፣ እማዬ።"

"ሰው አጋድመው ከራስ እስከ እግሩ የሚለኩት መቼ ነው? ንገሪኝ እስቲ! ለጉድጓድ ነው እንጂ! ያውም ገና ክርስትና ያልተነሳች ልጅ! ክሩስ የት አለ?"

"ይዛው ሄደች።"

እትዬ ጥሩወርቅ ገብተው ከሕፃኗ አጠገብ ተቀመጡ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሕፃኗ ጡት እምቢ አለች። ሰውነቷ ይፋጃል፤ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ይሰረጉዳል። ወዲያው ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልኩ።

"ክሯ ሳይመለስ ከዚህ ደጃፍ አትወጣም" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ልኳ በሰው እጅ እያለ ደጅ ብናወጣት ምን እንደሚከተላት አናውቅም።"

እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ የአገሩ ልማድ ነው ብዬም አልጽፍም። የእሳቸው ፍርሃት ነበር።

"እትዬ፣ ትኩሳቱ ክር አይጠብቅም" አልኳቸው።

"አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?"

አልወለድኩም። ስመኝ እናቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ልጇን አቅፋ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም። ባሏ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጎረቤት ጠርቼ ጉልበት ልጠቀም ብል ጊዜው በጭቅጭቅ እንደሚያልቅ ታየኝ። የቀረኝ መንገድ ክሩን መፈለግ ነበር።

የእኔ ጥርጣሬ ደግሞ ሌላ ነበር። የልጅቱ መወለድ ከቅርብ ቤተሰብ አልፎ አልተወራም። ሴትዮዋ የአባትየውን ስም፣ የልጅቱን ፆታ፣ ቤቱንም ታውቃለች። እትዬ ጥሩወርቅ የማይኖሩበትን ሰዓት ሳታውቅ አልቀረችም ብዬ አሰብኩ። ልጅ ተሰረቀ የሚል ወሬ በየጊዜው እሰማለሁ። ተከታትዬ እውነት ሆኖ ያገኘሁት የለም፤ ያን ቀን ግን ይህ አላጽናናኝም።

በራችን አካባቢ የሚቆም አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ጠየቅሁት።

"ጥቁር ቦርሳ ያላት? እኔ ነኝ መናኸሪያ ያደረስኳት። የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ምነው እህቴ፣ ሰረቀች እንዴ?"

"እስካሁን አላወቅሁም" አልኩት።

መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ስለነበረ ቡሬ ለመድረስ ብዙ አልፈጀብኝም። ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበት በረንዳ አለ። የሕፃን ልብስ የምትሰፋ ሴት ታውቃላችሁ ወይ አልኳቸው።

"እታገኝን ነው?" አለ አንዱ መቀሱን ሳያስቀምጥ። "አዋቂ አለብሳለሁ ብላ ቢያቅታት በሕፃን ላይ የበረታችው!"

አጠገቡ የነበረው ሰፊ የመኪናውን መርገጫ አቆመ። "ተዋት ባክህ! የእሷ ደንበኛ ጠበበኝ ብሎ አይመጣባትም። ሱሪ ሲመለስብህ የምትውለው አንተ ነህ።"

ሁሉም ሳቁ። ቤቷንም አሳዩኝ። አለመደበቋ ትንሽ አረጋጋኝ፤ ግን ስለ ጠባይዋ የጠየቅሁት የለምና ብዙ አላመንኩትም።

በሯ ክፍት ነበር። ከደጅ ሆኜ ያየሁት ደስ አላለኝም። ግድግዳው ላይ በየምስማሩ ቋጠሮ ያለባቸው ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። ጠረጴዛው ላይ ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተቆረጡ ትንንሽ ቅርጾች አሉ፤ ራስ የሌለው የሕፃን ገላ ይመስላሉ። እታገኝ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣለች። ጥቁሩ ቦርሳ ከአጠገቧ ነው።

"ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሕፃን ለክተሽ ነበር?"

"አዎ። አንቺስ ማን ነሽ?"

ማንነቴንም ሥራዬንም ነገርኳት። እጇን ከመኪናው ላይ አነሳች።

"ይህ ሁሉ ክር የማን ነው?"

"የልጆች ነዋ። ሕፃን ይንፈራገጣል፣ በሜትር አይመችም። በክር እለካና ወረቀት ላይ አወርደዋለሁ። ይኸው፣ ይህ ፊቱ ነው፣ ይህ ጀርባው፣ ይህ እጅጌው። ከዚያ ወረቀቱን ጨርቅ ላይ አድርጌ እቆርጣለሁ።"

"ማን ላከሽ?"

"አትናገሪ ተብያለሁ።"

በሥራዬ ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከኋላው በጎ ነገር ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

"እንግዲያው ክሮቹን ስጪኝ።"

"ገና ወረቀት ላይ አላወረድኳቸውም። በምን ልቁረጥ?"

"ልጅቱ ታማለች። ክሩ ካልተመለሰ ሐኪም ቤት አንወስዳትም ብለዋል።"

እታገኝ ብድግ አለች። ከአንድ ምስማር ላይ ሦስት ክሮች አወረደች፤ ለእኔ ግን አልሰጠችኝም። "ራሴ አደርሳለሁ። በሰው እጅ ብልከውማ የባሰ ይጠረጥሩኛል" ብላ ነጠላዋን ደረበች።

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጥኳት፤ እኔ በመተላለፊያው በኩል። ማንኩሳ ላይ ሰው ለማውረድ ሲቆም ጉልበቴን ወደ ፊት ወንበር አስጠግቼ መንገዱን ዘጋሁባት። ማን እንደላካት ደግሜ ጠየቅኋት። በመንገድ ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ "ስትተነፍስ ድምፅ አላት?" አለችኝ።

ስንደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። እትዬ ጥሩወርቅ ሰላምታ ሳይሰጡ ረጅሙን ክር ተቀብለው ሕፃኗ አጠገብ አልጋው ላይ ዘረጉት። ክሩ ተረከዟን አልፎ ሄደ።

"ይህ የእሷ አይደለም!" አሉ። "ለውጣዋለች! የልጄን አስቀርታ የሌላ ሰው አምጥታልኛለች!"

አንድ ጎረቤት የግቢውን በር ዘጋ። ሌላው "ዋናውን አምጪ አንቺ ሴትዮ!" አለ። እኔም ግድግዳው ላይ ያየሁት ክር ብዛት ትዝ አለኝ። ከምስማር ስታወርደው አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ የነገረችኝ ግን ራሷ ናት። አፌን ሞልቼ ልመሰክርላት አልቻልኩም።

እታገኝ ወደ አልጋው ተጠጋች። "እትዬ፣ ቋጠሮውን ይዩልኝ" አለች። "እስከ ቋጠሮው ድረስ ያለው የዛሬ ቁመቷ ነው። ከቋጠሮው ያለፈው ለሰማንያዋ የተውኩት ነው። ልብሱን የምትለብሰው ያን ቀን አይደል? እስከዚያ ታድጋለች። በዛሬው ልኳ ብሰፋማ ማን ሊለብሰው ነው?"

እትዬ ጥሩወርቅ ክሩን እንደገና ዘረጉት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቋጠሮው ልክ ተረከዟ ላይ አረፈ። የክንዷንም ሞከሩት፤ ቋጠሮው የእጇ አንጓ ላይ አረፈ። ጣታቸውን ከቋጠሮው ሳያነሱ፣ ትርፉን ክር ቁልቁል እያዩ ቆዩ።

"ለሁሉም ልጅ እንዲህ ትጨምሪያለሽ?"

"ለሁሉም እጨምራለሁ።"

"ስመኝ፣ ተነሺ" አሉ። "ነጠላሽን አምጪ። ባጃጁን ጥሩልኝ!"

ሐኪሟ ሳምባ ምች መሆኑን ነገረችን። ኦክስጅን አደረጉላት፤ መርፌ ተጀመረላት፤ አልጋ ያዘች። "እስከ ነገ ባለማቆየታችሁ ጥሩ አድርጋችኋል" አለች ሐኪሟ።

የስመኝ ባል ስልክ የተከፈተው እዚያው ኮሪደር ላይ ቆመን ሳለ ነው። ልብሱን ያዘዘው እሱ ነበር። እታገኝን የሚያውቃት ለዘመዶቹ ልጆች ስትሰፋ ነው። ቤቱን የጠቆማትም፣ ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ ያላትም እሱ ነው። "ሳትጠመቅ ልብስ አይሰፋላትም ስለሚሉ እትዬ እንዳይሰሙ ብዬ ነው" አለኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"አንተ! እንደ ሌባ ገበያ ስወጣ ጠብቀህ ሰው ትልክብኛለህ?" ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ና በቃ። ልጅህ ታማለች።"

እታገኝ የቡሬ መኪና ስላለፋት እኔ ቤት አደረች። አባትየው ሁሉንም ካረጋገጠልኝ በኋላም በሬን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት። ዛሬ ሳስበው አላፍርበትም፣ አልኮራበትምም። የማላውቃት ሴት ነበረች። ጠዋት ተነስታ አልጋውን አነጣጥፋ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የመለሱላትን ክሮች ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

ሕፃኗ ከሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወጣች። በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ እኔም ነበርኩ። እታገኝ የሰፋችላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። እጅጌው አጥሯት ነበር።