ወርዋሪ የራሱን አይለካም

የአዋሽ የስፖርት መምህር ጋሽ ወርቅነህ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ የጦር ውርወራ ሲለኩ ወድቀው በዚያው አረፉ። ሐኪሞቹ ሙቀቱ ነው አሉ። እውነት ነው። ግን በዚያ ሙቀት ለምን ሲመላለሱ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝና፣ ላስተማሯችሁ ሁሉ መናገር አለብኝ።

ከደጋ መጥተው ዕድሜያቸውን አዋሽ ላይ የፈጁ ሰው ነበሩ። ጦሩ ካረፈበት ችንካር ይተክላሉ፤ ሜትሩን እየጎተቱ እስከ መወርወሪያው መስመር ይመጣሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ሳይለኩ ቁጥር አይጠሩም። በረመዳን፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ በጾመኛ ተማሪዎቻቸው ፊት ውኃ አይቀምሱም ነበር። ጦር ወርዋሪዋ ፋጡማ «መምህር፣ ጥላ ስር ይቀመጡ፣ ሜትሩን እኔ ልጎትት» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ወርዋሪ የራሱን አይለካም። ለራሱ ያደላል» አሏት።

በጥር ወር ሰመራ ካለው የስፖርት ዕቃ ሱቄ መጡ። «ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ያ በሌዘር ርቀት የሚለካው መሣሪያ ይምጣልኝ፤ ችንካሩ ላይ አነጣጥሬ፣ ቆሜ ላንብብ» አሉኝ። ምርጫቸውንም ነገሩኝ፦ «የኔ ሜዳ መቶ ሜትር አይሞላም፤ ሩቅ ማየቱ ምን ያደርግልኛል? ቁጥሩ ፀሐይ ላይ ይታይ፣ ባትሪው አዋሽ ይገኝ። ለልምምድ ትንሽ ቢስት ግድ የለም፤ ለውድድሩ ሜትሬ አለ።»

በገላፊ ድንበር በኩል ዕቃ እያመጣ የሚመላለስ ሾፌር በሳምንቱ ልክ እንዳሉት ያለ አመጣልኝ። እኔ ናቅኩት። ለመምህሬማ ሺህ ሜትር የሚያይ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ሳይቀር የሚያሰላ ካልሆነ አልኩና መለስኩት። ሁለተኛው መጣ፤ ውኃ ያስገባል ብዬ መለስኩት። ውኃ! አዋሽ ሜዳ ላይ! ሲደውሉ «ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ፣ ምርጡን ነው የማመጣልዎት» እላለሁ። በመጨረሻ «አንተ ልጅ፣ እኔ ቶሎ አልኩህ እንጂ መች ምርጥ አልኩህ?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምነው ያኔ ጥርሴን ባረገፈው! ጥር አለፈ፣ ሙቀቱ ገባ፣ እሳቸው ሜትራቸውን ይጎትታሉ።

ሺህ ሜትር የሚያየውን ዓርብ በድንበሩ መንገድ ዲቾቶ ድረስ ሄጄ ከሾፌሩ ተቀበልኩ። ቅዳሜ ይዤው አዋሽ ስገባ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ደረስኩ።

ጋሽ ወርቅነህ፣ እሑድ ከቀብርዎ መልስ ሜዳው ሄድኩ። ፋጡማ ችንካሩን አልነቀለችውም። ከመስመሩ ቆሜ አነጣጠርኩ፤ አርባ አንድ ሜትር አለ። ለአርባ አንድ ሜትር ብዬ ነው ያን ሁሉ ወር ፀሐይ ላይ ያስጠበቅኩዎት። «ደግመው ሊለኩ ሲመለሱ ነው የወደቁት» ብላ ፋጡማ አለቀሰች። መሣሪያውን ትቼላታለሁ፤ የጓደኞቿን ትለካበታለች። እግዜር ጥላ ካለበት ያሳርፍዎት፣ ጋሼ። የኔን ጥፋት ግን እኔ ብለካው ለራሴ አደላለሁ። እርስዎ ይለኩልኝ፤ እንደ ልማድዎ፣ ሁለት ጊዜ።