ኩልሱምና ትልቁ ጆንያ

መጻፍ የለመደ እጅ የለኝም። ይህንንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱን ቀድጃለሁ። ግን የኩልሱምን ነገር የተማረ ሰው ቢጽፈው እኔ ያየሁትን ይተውብኛል ብዬ ሰጋሁ። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ፤ ነገሩን ግን አልስትም፣ በሩ ላይ ቆሜ ያየሁት ነው።

እኔ እሱባለው እባላለሁ። ጅማ ቦሳ አዲስ ባለው የማኅበራችን የቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሜያለሁ። ኩልሱም ደግሞ የመጋዘኑን ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምትይዝ ልጅ ናት። አባቷ አቶ አኒስ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። እሷ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ቁጭ ብላ የሰው ስልክ እየጠገነች ነው ያደገችው። ኮሌጅ ጨርሳ እኛ ጋ ስትቀጠር ድምጿ እንኳ በደንብ አይሰማም ነበር። ሾፌሮቹን በኦሮምኛ፣ እኛን ባማርኛ፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ በሹክሹክታ ታናግራለች።

ባለፈው ኅዳር፣ ቡናው በሚግተለተልበት ጊዜ፣ ችግር መጣ። አጋሮ ያለው መፈልፈያችን መኪና ጭኖ ሲልክ መሸኛውን፣ የጭነቱን ወረቀት ከነፎቶው፣ በኮምፒውተር ይልክልናል። መሸኛው ሳይደርስ አንድ ጆንያ ማውረድ ክልክል ነው። ታዲያ ከአጋሮ «ደህና አደራችሁ» የሚል አጭር መልእክት ብን ብሎ ይደርሳል። ፎቶ ያለበት መሸኛ ሲላክ ግን ያቺ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። አምስት መኪና በር ላይ ተሰለፈ። ሾፌሮቹ ይሳደባሉ፣ እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንሰደባለን።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ገብረሥላሴ ማክሰኞ ዕለት ጠሯት።

«የግቢውን ገመድ የዘረጋሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ። ያኔ እንግዲህ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ።»

«ጥፋቱ ገመዴ ላይ ከሆነ እሄዳለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ልፈትነው።»

መፈተኛውን ራሷ ነበር የሠራችው። ለካ ከዚያ በፊት ለወራት በምሳ ሰዓት ስትጽፍ የነበረው ፕሮግራም እሱ ነው። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት መስመሩን ከሚያከራየን ድርጅት ሶሬሳ የሚባል ባለሙያ መጣ። ኩልሱም አቶ ገብረሥላሴና እሱ ባሉበት ፕሮግራሟን አስነሣች። እኔ የፈሰሰ ቡና እየጠረግሁ ነበር፤ መጥረጊያውን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። ከጅማ አሥር ሺህ ፓኬት ላከች። አጋሮ ያለው ኮምፒውተር ቆጠረ። አሥር ሺህ ደረሰ።

ሶሬሳ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «እህቴ፣ የራስሽ ፕሮግራም መሰከረብሽ እኮ። መስመሬ ንጹሕ ነው። ገመድሽን እይ።»

አቶ ገብረሥላሴ ሰዓታቸውን አይተው ሶሬሳን ለምሳ ይዘውት ወጡ። ኩልሱም ስክሪኑን እያየች ቀረች።

መግባት ፈርቼ ነበር። ገባሁ።

«ኩልሱሜ፣ የምን ፓኬት ነው የላክሽው? የብስኩት ነው?»

ፊቷ እንደዚያ ሆኖም ሳቀች። «አይ ጋሼ፣ ብስኩት ቢሆን እንበላው ነበር። ኮምፒውተር ነገር ሲልክ ቆራርጦ ነው የሚልከው። አንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል። እንደ ጆንያ ያስቡት። የኔ ፕሮግራም የውሸት ጆንያ ይሰፋል፣ ቁጥር ይጽፍበታል፣ ይልካል፤ ወዲያ ማዶ ስንቱ እንደደረሰ ይቆጥራል።»

«ውስጡ ምን አለው?»

«ምንም። ገለባ በሉት።»

ይህ ገባኝ። ጆንያ ከሆነ አውቃለሁ። «ስንት ኪሎ ነው ጆንያሽ?»

«እ... ሁሉም ትንንሽ ነው። ቶሎ ቶሎ እንዲሄድ ብዬ።»

እንግዲህ የኛ የጫኞች ደንብ አለ። አዲስ መጋዘን ስንገባ ባዶ ጆንያ ይዘን በር አንፈትንም። ከነገለፈቱ የደረቀ ጀንፈል ጢም ብሎ የሞላበትን፣ ያንን ሆዳም ጆንያ፣ ከመካከላችን ሰፊ ትከሻ ያለው ተሸክሞ ይቀድማል። እሱ ካለፈ ሁሉም ያልፋል። ይህን እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ላዋቂ ሰው ሥራ ማስተማር ነውር ይመስለኛል።

«እኛ መጀመሪያ ትልቁን ጆንያ ነው የምናስገባው» አልኳት በመጨረሻ።

ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። የተሳሳትሁ መስሎኝ መጥረጊያዬን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይቁሙ» አለች። «ደህና አደራችሁ የሚለው ትንሽ ነው፣ ያልፋል። ፎቶው ትልቅ ነው። ወላሂ፣ እኔ በሩን የፈተንሁት በባዶ ጆንያ ነው።»

ሐሙስን ሙሉ ጻፈች። ጆንያዎቹ እየተለቁ እንዲሄዱ ፕሮግራሙን አስተካከለች። ዓርብ ጠዋት ሶሬሳም አቶ ገብረሥላሴም ተጠሩ። ኩልሱም መጀመሪያ የራሷን ገመድ ነው የፈተነችው። ገመዱ አጥሩ ጋ ያለ ሣጥን ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የነሶሬሳ መስመር ነው። ሁለተኛውን ኮምፒውተር እዚያ ድረስ እኔ ተሸክሜ ወሰድሁላት፤ እንዲያ ቀላል ነገር እንዲያ ተጠንቅቄ ተሸክሜ አላውቅም። ትንሹም ትልቁም አለፈ። ከአንዱም አንድ አልጎደለም።

«ገመዴ ይኸው» አለች። «አሁን ወደ አጋሮ።»

ባይት የኮምፒውተር ጆንያ ኪሎ ነው። መጀመሪያ አንድ ሺህ ባይት የሚመዝኑትን ላከች፤ ሁሉም ደረሱ። አንድ ሺህ አራት መቶ፤ ደረሱ። በዚያ ላይ አንድ ብቻ ጨመረች። አንድ ባይት። ከላከቻቸው አንድም አልደረሰም። ስክሪኑ ላይ ዜሮ ቆመ።

ሶሬሳ ተነሣ። «ድገሚው።»

ደገመችው። ዜሮ።

«በሩ ጠቧል» አለች ኩልሱም፤ ያ ዝቅ ያለ ድምጿ ክፍሉን ሞላው። «ትልቁ ሲመጣ ይጣላል፣ ተጥሏል ብሎ የሚናገርም የለም። ስለዚህ ነው ማናችንም ያላወቅነው።»

ሶሬሳ ሰው ነው፤ አላኮረፈም። ስልኩን ይዞ ወጣ፣ በኦሮምኛ ረጅም ተነጋገረ። ተመልሶ ሲመጣ ጭንቅላቱን ያክካል። «የኔትወርክ ማማው ላይ ዕቃ የቀየሩት የኛ ሰዎች የሚያሳልፈውን መጠን አሳንሰው ትተውታል። አሁን እያስተካከሉት ነው። ቶሌ፣ እሺ፣ ጥፋቱ የኛ ነው።» ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ይቺን ፕሮግራም ለኔም ትሰጪኛለሽ?»

«ጋሼ እሱባለውን አስፈቅድ» አለችው።

«ማነው እሱባለው?»

በጣቷ አሳየችው። እኔ የምገባበት አጣሁ።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው መሸኛ ከነፎቶው መጣ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስቱም። አቶ ገብረሥላሴ እያንዳንዱን ከፍተው አዩ። አይተው ሲጨርሱ ከወንበራቸው ተነሡና ለኩልሱም እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ሰው ከሩቅ ላመጣ ነበር» አሉ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ የሁሉም ጣቢያዎቻችን መስመር ባንቺ እጅ ይሆናል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ደወለች።

ዛሬ ያ ፕሮግራም ጌራም ሊሙም ባሉት ጣቢያዎቻችን አለ። ሲከፈት ከላይ የሚጽፈውን እኔም ቀስ ብዬ አነበዋለሁ፦ «መጀመሪያ ትልቁን ጆንያ።»

ያን ዕለት ግን ለማንበብ ጊዜ አልነበረም። ሾፌሮቹ ሞተር አስነሥተዋል። የመጋዘኑን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፈትን፣ ከመኪናው ላይ ሆዳሙን ጆንያ መረጥሁ፣ ተሸክሜም ቀድሜ ገባሁ።